ያልጻፍኩት የማዳበሪያ ዝርዝር

መጀመሪያ ስለ ራሴ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ከዚያ በኋላ ማመን አለማመኑ የእናንተ ፈንታ ነው፤ እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ በመንፈስ፣ በጥላ፣ ከየት መጣ በማይባል ድምፅ የማምን ሰው አይደለሁም፣ ዳንግላ ቤታችን ጓሮ ውስጥ ሰው ይራመዳል ተብሎ ቤተሰቡ በር ቀርቅሮ ሲቀመጥ፣ ባትሪ ይዤ ወጥቼ የጎረቤት ጥጃ መሆኑን ያየሁት እኔ ነኝ፣ ሰዎች እንዲህ ያለ ወሬ ሲያወሩም በልቤ፣ ምክንያት አለው፣ አልፈለጋችሁትም እንጂ፣ እያልኩ ነበር የማዳምጣቸው። አሁንም ምክንያት ቢገኝለት ከሁሉ ቀድሞ ደስ የሚለኝ እኔን ነው። እየፈለግኩ ነው፣ እስካሁን አላገኘሁም።

እመቤት እባላለሁ፣ እንጅባራ የመጀመሪያ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ከመግባቴ በፊት ዳንግላ ውስጥ ኮምፒውተር የሚጠግን፣ ለነጋዴዎችም የሂሳብ ፕሮግራም የሚጭን ሱቅ ውስጥ ሠርቻለሁ፣ እዚያ ብዙ ነገር ተምሬያለሁ፣ ከሁሉ በላይ ግን ሰው ሲጠይቀኝ "አልችልም" አለማለትን ነው የተማርኩት፣ ያኔ ጥሩ ጠባይ ይመስለኝ ነበር።

ወይዘሮ የሺ አዲስ ቅዳም ውስጥ ያለ የአንድ ገበሬዎች ማኅበር ሥራ አስኪያጅ ናቸው፣ ከእናቴ ጋር ይተዋወቃሉ፣ የማኅበሩን የሂሳብና የንብረት ፕሮግራም የጫነላቸው ሰው ስልክ ማንሳት ሲያቆም እኔን ጠሩኝ። ነገሩ ቀላል ነው፤ ዋናው ኮምፒውተር እሳቸው ቢሮ አለ፣ መረጃው ሁሉ የሚቀመጠው እዚያ ነው፣ ሌላው ደግሞ ግቢውን በሚያቋርጥ ገመድ ተያይዞ መጋዘኑ ውስጥ ተቀምጧል፣ መጋዘኑ ላይ አንድ ጆንያ ማዳበሪያ ለእገሌ ወጣ ተብሎ ሲጻፍ ቢሮው ላይ ወዲያው ይቀንሳል። መጋዘኑን የሚይዙት ጋሼ አድማሱ ናቸው፣ ወይም ነበሩ።

ጋሼ አድማሱ ወደ ስድሳ የሚጠጉ፣ ቀጭን፣ እርሳስ ከጆሯቸው የማይለይ ሰው ናቸው፣ ገበሬውን ሁሉ ከነአባቱ ስም ያውቁታል፣ አንድ ልማድ ደግሞ አላቸው፣ ጆንያ ከማስረከባቸው በፊት በመዳፋቸው ሁለት ጊዜ መታ መታ ያደርጉትና ቁጥሩን በአገውኛ በለሆሳስ ይናገራሉ። ተሸካሚዎቹ፣ አያ አድማሱ ጆንያውን ደህና ዋልህ ሳይሉት አይሸኙትም፣ እያሉ ይስቁባቸዋል። እኔም ጠይቄያቸው ነበር፣ በእጄ ያልነካሁትን አልቆጥርም ነው ያሉኝ።

መጀመሪያ የሄድኩት በግንቦት መግቢያ ነው። ፕሮግራሙን አስተካክዬ፣ ገመዱን ፈትሼ፣ አጠቃቀሙን አስተምሬያቸው ልወጣ ስል ጋሼ አድማሱ በጣታቸው የስክሪኑን ጥግ አሳዩኝ።

"ይኼ ሰዓት ከእኔ ጋር አልተስማማም፣ ልጄ። እኔ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እላለሁ፣ እሱ ዘጠኝ ይላል። ቀኑም ሌላ፣ ዓመቱም ሌላ። ነገ ከነገ ወዲያ ደረሰኜንና እሱን አስተያይቶ አጭበርብረሃል የሚለኝ አይጠፋም። የእኛን እንዲናገር ማድረግ አትችይም?"

አልችልም ማለት ነበረብኝ፣ ወይም ቢያንስ ልጠይቅ ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ሰዓቱ በራሱ የሚስተካከልበትን ነገር አጠፋሁት፣ ከዚያ ቀኑን፣ ወሩን፣ ዓመቱንና ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር በእጄ ሞላሁት። ኮምፒውተሩ የእኛን አቆጣጠር አያውቅም፣ እሱ የገባው ከሰባት ዓመት በላይ ወደ ኋላ መመለሱ ብቻ ነው፣ እኛ ስናየው ግን ልክ ነበር፣ ጋሼ አድማሱም በጣም ደስ ብሏቸው፣ እንዲህ ሰው የሚሰማ ልጅ ይባረክ ብለው መርቀው ሸኙኝ። ፕሮግራሙ ቀድሞ ተከፍቶ ስለነበር እስከ ማታ ምንም ሳይል ሠራ፣ እኔም በሰላም ሚኒባስ ይዤ ወደ እንጅባራ ተመለስኩ።

በማግስቱ ጠዋት ኮምፒውተሩን ሲከፍቱት፣ ከዋናው ኮምፒውተር ጋር መገናኘት አልተቻለም የሚል ጽሑፍ መጣ። ፈተና ላይ ነበርኩ፣ በስልክ ነው ልረዳቸው የሞከርኩት፣ አጥፍተው ያብሩት አልኳቸው፣ ገመዱን ነቅለው ይሰኩት አልኳቸው፣ ገመዱ የሚሰካበት ቦታ መብራት አለው ወይ ብዬም ጠየቅኩ።

"አለው፣ አረንጓዴ ነው፣ ግን ይጠቅሰኛል።"

"መጥቀሱ ጤና ነው ጋሼ።"

"በእኔ ዕድሜ ጤና አይደለም" ብለው ሳቁ፣ እኔም ሳቅኩ፣ ፈተናውን ስጨርስ እመጣለሁ አልኳቸው፣ ሰዓቱ ግን እመኑኝ አንዴም ትዝ አላለኝም።

ሦስት ሳምንት ሊሞላ ሆነ። በዚህ መሃል ማዳበሪያው ገባ፣ ዝናቡም ገባ፣ ገበሬው መዝራት አለበትና ሲሰለፍ ጋሼ አድማሱ በወረቀት መዝገባቸው እየጻፉ ማደሉን ቀጠሉ፣ ቢሮ ያለው ኮምፒውተር ግን አንድም ጆንያ አልወጣም ይላል። ወይዘሮ የሺ በመስኮታቸው ጆንያ የጫነ አህያ ሲያልፍ ያያሉ፣ ስክሪኑን ያያሉ፣ ሁለቱ አይገናኙም። ወረፋው ጋ ማዳበሪያ አልቋል የሚል ወሬ ተነሣ፣ ከወሬው ጋር የጋሼ አድማሱ ስም ተነሣ።

በመጨረሻ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሄድኩ። ጉሙ ከአዲስ ቅዳም መግቢያ ጀምሮ መሬት ላይ ተኝቶ ነበር፣ ባጃጆቹ በቀን መብራት አብርተው ነው የሚሄዱት። ወይዘሮ የሺ ቢሮ አስገቡኝ፣ ሻይ አስመጡልኝ፣ ከዚያ በሩን ገፋ አድርገው ዘግተው ነገሩን ሁሉ ነገሩኝ። ጋሼ አድማሱ ከመጀመሪያም ኮምፒውተሩን አልወደዱትም ነበር አሉኝ፣ ወረቀቱማ ሰው በፈለገው ቀን ቁጭ ብሎ የሚሞላው ነገር ነው አሉኝ። ቀጥለው በጣም ቀስ ብለው ጠየቁኝ።

"አንቺ ባለሙያ ነሽ፣ እመቤት። ሰው ሆን ብሎ ገመዱን እየነካካ ግንኙነቱን ሊያቋርጠው ይችላል?"

ገና ምንም አልፈተሽኩም። ገመዱን አላየሁም፣ ኮምፒውተሩን አልከፈትኩም፣ ግን ምን መስማት እንደፈለጉ ፊታቸው ላይ ይታየኝ ነበር፣ ባለሙያ ማለታቸውም ደስ ብሎኝ ነበር፣ ከዚህ የበለጠ ሰበብ የለኝም።

"ይቻላል" አልኩ።

ጃንጥላቸውን ይዘው ወጡ፣ እኔም ተከተልኩ። መጋዘኑ በር ላይ ወረፋ የያዘ ገበሬ ሁሉ እያየ ጋሼ አድማሱን ቁልፉን እንዲያስረክቡ አዘዟቸው። አንዱ ከኋላ፣ አያ አድማሱ ጆንያው ክንፍ አወጣ እንዴ፣ ሲል ሰው ሳቀ። ጋሼ አድማሱ ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡ፣ መዝገቡንም አቀበሏቸው።

"መዝገቡ አላለቀም" አሉ። "የዛሬዎቹን ማታ ልጽፋቸው ነበር።"

"ከእንግዲህ ኮምፒውተሩ ይጽፋል" አሏቸው ወይዘሮ የሺ።

ጋሼ አድማሱ በአጠገቤ ሲያልፉ ቆም አሉና፣ "ገመዱን እይልኝ ልጄ፣ እኔ አልነካሁትም" አሉኝ፣ ከዚያ ያለ ጃንጥላ በዝናቡ ውስጥ ሄዱ፣ ጉሙ ከበሩ ሃያ እርምጃ ሳይርቁ ዋጣቸው። እደላው ቆመ፣ ሰው እያጉረመረመ ተበተነ፣ ወይዘሮ የሺ መዝገቡን ይዘው ቢሮ ገቡ፣ እኔ መጋዘኑ ውስጥ ብቻዬን ቀረሁ።

ሥራዬን እንደ ተማርኩት በተራ ጀመርኩ። አንዱ ኮምፒውተር ሌላውን የሚጠራበት፣ ሌላውም ካለ "አለሁ" የሚልበት ጥቁር መስኮት አለ፣ ከፍቼ ዋናውን ጠራሁት፣ መለሰ፣ አራቴ ጠራሁት፣ አራቴ መለሰ። ገመዱ ጤነኛ ነው ማለት ነው፣ ማንም አልነካውም ማለት ነው። ከዚያ ፕሮግራሙ ስህተቶቹን የሚመዘግብበትን ፋይል ከፈትኩ፣ ከዋናው ኮምፒውተር የመጣው የይለፍ ፈቃድ ጊዜው ገና አልደረሰም ይላል፣ በእያንዳንዱ ቀን፣ በእያንዳንዱ ሙከራ። ዓይኔ ወደ ስክሪኑ ጥግ ሄደ።

ያ በእጄ የሞላሁት ቀን ነበር፣ ዋናው ኮምፒውተር በዛሬ ቀን የሚልከው ፈቃድ ለዚህኛው ከሰባት ዓመት በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።

ሰዓቱን ወደ ነበረበት መለስኩት፣ ፕሮግራሙ ወዲያው ተከፈተ፣ አንድ ደቂቃ እንኳን አልፈጀም። መነሣት ነበረብኝ፣ ግቢውን ተሻግሬ፣ ወይዘሮ የሺ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ሰውየውን ያስጠሯቸው ማለት ነበረብኝ፣ ተነሣሁም፣ እስከ በሩ ድረስ ሄድኩ፣ ዝናቡን አየሁት፣ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይቼ እናገራለሁ ብዬ ነው። እውነቱን ልንገራችሁና እንዴት አድርጌ ሳልናገር እንደማልፍ እያሰብኩ ነበር።

ቀና ስል ሰዓቱ ተመልሷል። ወደ እኛ ቀን፣ ወደ እኛ ዓመት፣ ከስልኬ ጋር ሳስተያየው ደቂቃው ሳይቀር ልክ የእኛ ሰዓት። ሰዓቱን የሚያቆየው የውስጥ ባትሪ ሞቷል ማለት ነው አልኩ ለራሴ፣ ግን ኮምፒውተር ባትሪው ሲሞት ከፋብሪካ ወደ ወጣበት ዘመን ነው የሚመለሰው እንጂ የአገራችንን ሰዓት ደቂቃ ቆጥሮ አይዝም። አስተካከልኩት። አሁንም ተመለሰ። ሦስተኛ ጊዜ ሲመለስ ተውኩት፣ ምክንያቱም ሌላ ነገር አየሁ፣ ሰዓቱ ከነስህተቱ እያለ ፕሮግራሙን ዘግቼ ስከፍተው ተገናኘ፣ ይህ ደግሞ ሊሆን የማይችል ነገር ነው።

ያኔ ነው ከጆንያው ክምር ጀርባ የሰማሁት፣ መታ መታ። መዳፍ በሞላ ጆንያ ላይ ሲያርፍ የሚሰጠው ድምፅ፣ ሁለት ጊዜ። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይወርድ ስለነበር እሱ ነው አልኩ። ጥቂት ቆይቶ ደገመ፣ መታ መታ። ተነሥቼ በሁለቱ ክምር መካከል ገባሁ፣ የማዳበሪያው ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል፣ ማንም የለም፣ ድመት እንኳን የለም፣ ድምፁ ግን አሁን ከማዶ ረድፍ መጣ፣ ወደዚያ ስሄድ ከነበርኩበት። ስትጠጉት የሚሸሽ አልነበረም፣ ሥራ ላይ ያለ ሰው ዓይነት ነበር፣ አልቸኮለም፣ እኔ መኖሬም ግድ አልሰጠውም።

ወደ ኮምፒውተሩ ተመለስኩ፣ ስክሪኑ ላይ ስም እየተጻፈ ነበር። የገበሬው ስም፣ የአባት ስም፣ ጆንያ አንድ፣ ቀኑ በእኛ አቆጣጠር፣ ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር። መታ መታ ሲል አንድ መስመር ይገባል፣ መታ መታ ሲል ሌላ። ቫይረስ ነው ልበል፣ ሰው ከሩቅ ገብቶበት ነው ልበል፣ አዲስ ቅዳም ያለውን ማዳበሪያ ተቀባይ ሁሉ በስሙ የሚያውቅ ምን ዓይነት ቫይረስ ነው። ገመዱን ከኮምፒውተሩ ጀርባ ነቀልኩት። የገመዱ አረንጓዴ መብራት ጠፋ። ስሞቹ መግባታቸውን አላቆሙም።

ስልኬ ጮኸ፣ ወይዘሮ የሺ ነበሩ።

"ጎበዝ የእናቷ ልጅ" አሉኝ፣ በድምፃቸው ሳቅ አለበት። "እየገባልኝ ነው፣ ቢሮ ሆኜ እያየሁት ነው። ቀስ በይ እንጂ፣ ጣትሽ አይደክምም?"

የተነቀለው ገመድ በግራ እጄ ነበር፣ ስልኩ በቀኝ እጄ። የቁልፍ ሰሌዳው ላይ ማንም አልነበረም።

"እሺ" አልኳቸው።

ሌላ ምንም አላልኩም፣ እሺ ብቻ፣ ቃሉ አጭር ስለሆነ ውሸት አይመስልም። ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም፣ ከሁለት መቶ በላይ መስመር ገባ፣ በመጨረሻ ድምፁ ቆመ፣ ዝናቡም ቀጥ ብሎ ስለነበር መጋዘኑ ውስጥ የራሴን ትንፋሽ ሰማሁት። ፕሮግራሙን ዘጋሁ፣ ገመዱን መልሼ ሰካሁ፣ ሰዓቱን አስተካከልኩ፣ ይህን ጊዜ ተስተካክሎ ቀረ።

ቢሮ ስገባ ወይዘሮ የሺ የጋሼ አድማሱን መዝገብ ዘርግተው ስክሪኑን እያስተያዩ ነበር። ስም በስም፣ ጆንያ በጆንያ አንድ ነው። መዝገቡ ግን ከወይዘሮ የሺ እጅ አልወጣም፣ እኔ ገልጬ አላየሁትም፣ ጋሼ አድማሱ ቀድመው በፎቶ የላኩልኝ መስሏቸው ይሁን ወይም ከደስታቸው የተነሣ አላሰቡበትም ይሁን፣ አልጠየቁኝም። የጠየቁኝ ሌላ ነው።

"እነዚህ የመጨረሻዎቹ አሥራ አንዱ መዝገቡ ላይ የሉም፣ ከየት አገኘሻቸው?"

"ጋሼ አድማሱ በስልክ ነገሩኝ" አልኩ። አሁንም እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም።

ዘበኛውን ይዘን ጆንያውን ቆጠርን፣ ከአሥራ አንዱ ጋር ልክ መጣ፣ አንድም አልጎደለም። በዚህ ያበቃል ብዬ ነበር፣ ወይዘሮ የሺ ግን ማዳበሪያው አለመጉደሉ አንድ ነገር ነው፣ ገመዱን መነካካት ሌላ ነገር ነው፣ ማኅበሩን ሦስት ሳምንት አጉላልተዋል፣ በሰኔ ሚካኤል ጠቅላላ ጉባኤው ይወስን፣ አሉ። ከአፌ የወጣችው "ይቻላል" እዚያው ጠረጴዛቸው ላይ እንደተቀመጠች ነበረች፣ አላነሣኋትም።

ቅዳሜን አልተኛሁም፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጋሼ አድማሱ ቤት ሄድኩ። ከከተማው ግማሽ ሰዓት በእግር ነው፣ ለከሰል በሚተከለው ዛፍ መካከል ያልፋል፣ የቀርከሃ አጥር ያለው ቤት ነው። ባለቤታቸው በአገውኛ አንድ ነገር አሏቸው፣ እሳቸው፣ አይ ይቺ ልጅ ምን አደረገች፣ ብለው በአማርኛ መለሱላቸው፣ እኔ እንድሰማ ይመስለኛል። ዓርብ ከሰዓት በኋላ የት እንደነበሩ ጠየቅኳቸው፣ ዝናቡ እስኪያባራ ዛፍ ሥር ተጠልለው ቆይተው ቤታቸው ገብተው እንደተኙ ነገሩኝ። ማኅበሩ ውስጥ ለማንም በስልክ የተናገሩት ነገር የለም። ከዚያ እነዚያን መዝገቡ ላይ ያልጻፏቸውን ሰዎች ያስታውሷቸው እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

"እንዴት አላስታውስም" ብለው ጣታቸውን እያጠፉ በተራ ጠሯቸው። እኔ የስክሪኑን ፎቶ በስልኬ ይዤ ነበር፣ ከእሳቸው ጋር እኩል እየተከተልኩ አነበብኩ፣ ስሙም ተራውም አንድ ነው። ዘጠነኛው ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ።

"እዚህ ላይ ሁለት የወንድማማቾች ሚስቶች አሉ። አቅም አጥሯቸው አንድ ጆንያ ለሁለት ነው የወሰዱት፣ ግማሽ ግማሽ አድርጌ እጽፍላችኋለሁ ብያቸው ነበር። ይህን ከእኔና ከእነሱ በቀር የሚያውቅ የለም።"

ስልኬ ላይ ዘጠነኛውና አሥረኛው መስመር ግማሽ፣ ግማሽ ይላል።

ያን ጊዜ የሆነውን ነገርኳቸው፣ ድምፁን፣ የተነቀለውን ገመድ፣ ሁሉንም። ባለቤታቸው አማተቡ። ጋሼ አድማሱ መዳፋቸውን አዩ፣ ማን እንደሆነ አላውቅም፣ አሉኝ፣ ብቻ ሰው ሁሉ ሲያየኝ ዝም ባለበት ቀን እሱ ስለ እኔ መስክሯል፣ ባገኘው አመሰግነው ነበር።

"ሕመሙስ ምን ሆኖ ተገኘ?" አሉኝ። "የኮምፒውተሩ።"

ሁሉንም ነግሬያቸው ይህችን ነበር ያስቀረሁት።

"ገና እየታየ ነው" አልኳቸው።

ዛሬ ሰኔ አሥራ አንድ ነው። እውነቱን በወረቀት ጽፌዋለሁ፣ ስለ ሰዓቱ፣ ማን እንደለወጠው፣ ለምን እንደዋሸሁ፣ ፈርሜበታለሁም፣ ሦስት ቀን ቦርሳዬ ውስጥ ሲገባ ሲወጣ ጠርዙ ተበላ። ትናንት ወይዘሮ የሺ ደወሉልኝ፣ ለምስክርነት ነይ፣ ያኔ ለእኔ ያልሽውን ብቻ ለጉባኤው ድገሚላቸው አሉኝ፣ ዝናብ ስለሆነና ሌላ ሰፊ ቦታ ስለሌለ ስብሰባው መጋዘኑ ውስጥ ነው አሉኝ። ጋሼ አድማሱም እንደምመጣ ሰምተው፣ እመቤት ከመጣችማ ጥሩ ነው፣ ገመዱን ያየችው እሷ ናት፣ ብለዋል አሉ።

የጉባኤውን ቁጣ አይደለም የምፈራው፣ እመኑኝ፣ እሱን ለምጄዋለሁ፣ ሦስት ቀን ሙሉ በሐሳቤ ስሰማው ነው የከረምኩት። የምፈራው ሌላ ነው። ያን ዓርብ መጋዘኑ ውስጥ የጻፈው ማን እንደሆነ አላውቅም፣ ግን በአንድ ሽማግሌ ሐሳብ ውስጥ ብቻ የነበረውን ግማሽ ጆንያ ሳይቀር ያውቅ ነበር፣ ስለዚህ በእኔ ሐሳብ ውስጥ ያለውንም ያውቀዋል፣ ነገ ከቅዳሴ በኋላ ያ ሁሉ ሰው ባለበት እዚያው መጋዘን ውስጥ ስሜ ተጠርቶ እቆማለሁ፣ ወረቀቱን ካላወጣሁት ማን ቀድሞኝ እንደሚናገር እንጃ።